የቅርብ ዘመድ ይደውል ላሉን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የአምቡላንስ ጥሪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና የሆንነውም በራሳችን ጉልበት ስለሆነ ክፍልዎ ውለታ እንደዋለልን ቆጥረው እንዳይጨነቁ።

አንዳርጌ ይርጋ እባላለሁ፤ በጋይንት ገጠር መምህር ነኝ። ክፍልዎ ስለ ድንገተኛ ጥሪ ያሠራጨውን ወረቀት ለተማሪዎቼ አስተምሬአለሁ፦ መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ፣ የሆነውን ባጭሩ አስረዱ፣ ተረጋጉ፣ ተቀባዩ ሳይጨርስ ስልኩን አትዝጉ፣ መኪናውን የሚቀበል ሰው መንገድ ላይ አቁሙ። በየካቲት ወር አንድ አርብ ረፋድ ላይ እኔው ራሴ ተፈተንኩበት።

ጎረቤቴ ንግስት ምጥ ይዟታል፤ ባሏ ፍቅሬ አህያውን ጭኖ አርብ ገበያ ሄዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወለላ ሕፃኑ በእግሩ እየመጣ መሆኑን ነገረችኝ፤ እሷ እጇ ስለተያዘ እኔ ደወልኩ። ስለ መስተንግዷችሁ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከቀበሌው ስም እስከ ድልድዩ ድረስ አስረዳሁ። ሠራተኛዎ በትዕግሥት አዳምጠው የመንገዱን ስምና የቤት ቁጥር ጠየቁኝ። በእኛ አገር ቤት የሚታወቀው በባለቤቱ ስም ነው፤ ይህን ኋላ ቀርነታችንን ሳይቆጡ ስላለፉልን እናመሰግናለን።

፪. ጎረቤት መሆኔን ስነግራቸው፣ በመመሪያው መሠረት የቅርብ ዘመድ መደወል እንዳለበት በጨዋ ቃል አስረዱኝ። የባሏ ስልክ እንደማይሠራ፣ እናቷም በሕይወት እንደሌሉ ሳስረዳ ንግስት ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ምጡ ፋታ ሲሰጣት፣ «የምወልደው እኔ ነኝ፤ ከእኔ የሚቀርበኝ ዘመድ የለም» አለቻቸው። ሠራተኛዎም መኪናው ተነሥቷል፣ ጠብቁ አሉ። ደስታችንን በዚህ ወረቀት መግለጽ አልችልም።

፫. ጠበቅን። ጎረቤታችን ደምሌም ነጠላውን እያውለበለበ ድልድዩ ላይ ቆመ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሼ ስደውል መኪናው የስብሰባ ወንበር ጭኖ መሄዱ ተነገረኝ። ዘግይቶም ቢሆን እውነቱን ስለነገራችሁን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ወለላ ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቃሬዛ አስመጥተን ስምንት ሆነን ወደ ጤና ጣቢያ ተሸከምናት። ንግስት ሜዳው ላይ ታቃስት ነበር፤ ዳገቱ ላይ ዝም አለች፣ ዝምታዋም ከሸክሙ ይልቅ ከበደኝ። ወለላ በየጥቂቱ ስሟን ትጠራለች፤ ንግስት በቀጭን ድምፅ ትመልሳለች። ጤና ጣቢያው እየታየን ወለላ ሾላው ሥር አውርዱ አለችን። ፊታችንን አዙረን ጋቢያችንን እንደ መጋረጃ ይዘን ቆምን። ልጅቷ ስትወለድ አላለቀሰችም። ወለላ አፏን ጠርጋ ጀርባዋን ስታሻት፣ ስታሻት፣ እኛ ተስፋ ከቆረጥን በኋላ አለቀሰች። ንግስት ብዙ ደም ፈስሷት ዘጠኝ ቀን ጤና ጣቢያ ተኛች፤ ዛሬ ከነልጇ ቤቷ ናት። ፍቅሬ ግን ቢሮዎ ድረስ ሊመጣ ዱላውን አንሥቶ ነበር፤ ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ምስጋና አልጠብቅም።

፬. በሦስተኛው ቀን ከክፍልዎ ተደውሎ፣ አገልግሎቱን ማግኘታችንን ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት እንድናረጋግጥ ተጠየቅን። ስላስታወሳችሁን እናመሰግናለን።

ወረቀቱ ዳግመኛ ሲታተም ስለ ጥሪ አቀባበልም አንድ ገጽ ቢጨመርበት ደግ ነው፦ ደዋዩ ቦታውን ሲናገር ጻፉ፤ መኪናው ሳይነሣ ተነሥቷል አትበሉ፤ ከሌለም የለም በሉ፣ ቃሬዛችንን በጊዜ እንድናነሣ።

ትከሻው ገና ያልዳነለት፣ ለክቡርነትዎ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣ፣
አንዳርጌ ይርጋ

ማሳሰቢያ፦ ሾፌርዎ በማግስቱ ወንበሩን አራግፎ አራሷን ሊጠይቅ በራሱ ፈቃድ ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ ነበር። የእጅ ስልኩን ቁጥር ትቶልን ስለሄደ፣ ከእንግዲህ ክፍልዎን አናስቸግርም። ድንገት ለቤተሰብዎ ቢያስፈልግ ቁጥሩን ለእርስዎም እንልክልዎታለን።