ሳጥኑ ያልተቀበላት ዜሮ

ሀዊ ልጄ፣ ቦርሳሽን አስቀምጪና ቁጭ በይ። ቆመሽ የምታነቢው አይደለም።

ውሃ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጀሪካን ሞልቼልሻለሁ።

ማክሰኞ ከመገናኛ ደውለሽ፣ «እማማ፣ የቢሮዬን የኢንተርኔት መስመር የሚከታተለው ላፕቶፕ ቤት ቀርቷል። ስንት መልእክት ይቅዳ በሚለው ሳጥን ውስጥ መቶ ሺህ ብለው ይጻፉልኝ» አልሽኝ። ሳጥኑ አምስት ቁጥር ይዞ ስድስተኛዋን እምቢ አለ። የመጨረሻዋን ዜሮ ሦስት ጊዜ ብጫናት አልገባም አለች።

«ገባ እማማ?» ስትይኝ፣ አሮጊቷ አቃታት እንዳልባል «ገባ የኔ ልጅ» አልኩሽ።

መቅጃው አሥር ሺህ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ የቢሮሽ መስመር ሲቋረጥ፣ ያቋረጥሽው አንቺ አለመሆንሽን የሚያሳየው መልእክት ሳይቀዳ ቀረ።

ትናንት አለቃሽ በስልክ «ቅጂውን ሆን ብለሽ ነው ያሳጠርሽው» እያለ ከሥራ ሲያግድሽ አጠገብሽ ነበርኩ። አንቺ ስሜን አላነሳሽም።

እኔም ዜሮዋ እንዳልገባች አልነገርኩሽም።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤትሽ እየወረድኩ ነው፤ ለአለቃሽ በአፌ እነግረዋለሁ። ላያምነኝ ይችላል። ያን ጊዜ ሳጥኑን ከፍተሽ አሳዪው፣ ስድስተኛዋን እንደማይቀበል ይየው።

የእኔ ክፍል ቁልፍ ጎረቤት ሃኒ ጋ ነው።

ልጄ፣ የዋሸሁሽ አፍሬ እንጂ ንቄሽ እንዳልሆነ አስታውሺልኝ።

እማማ ሸዋረጋ