የኮርማው ጥግ

ኅዳር 9፣ 2017

ዛሬም ጥንዚዛዋ ቀደመችኝ። ትኩሱን እበት አድቦልቡላ፣ በኋላ እግሯ እየገፋች... ነጠቅኳት። ሌባ! ኩበት ጠፍጥፌ ካልሸጥኩ ማን ሊያበላኝ ነው?

ወርቂቱ በሳቅ ሞተች። "ያ ዘርፌ፣ ደግሞ ከጥንዚዛ ጋር ተጣላሽ?" ጎረቤቴ ናት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ደግሞ እህቴ።

ቦራ አርግዛለች። ያለችኝ ላም እሷ ብቻ ናት። ኪዳነ ምሕረት በሰላም ታገላግልልኝ።

ጥር 4

እንጭኒ ገበያ ኩበት ተወዷል። እንጨት የለ፣ መብራት የለ... የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ግጦሽ ሜዳው ላይ ወጥቷል። አንዲት ላም ጭራዋን ስታነሳ እንሽቀዳደማለን። መሬት ሳይነካ ብንቀበለው ደስ ባለን። ጥንዚዛ? ካየሁ ሰነበትኩ።

ያልተጠረገው የኦቦ ዋቆ ዳለቻ ኮርማ የሚታሰርበት ጥግ ብቻ ነው። ዳለቻው ሰው አይወድም። ማን ደፍሮ ይጠጋል?

መጋቢት 15

ዘነበ! ግን ምን ዋጋ አለው... ውሃው ቆርቆሮ ላይ የፈሰሰ ይመስል ተንሸራቶ ወንዝ ገባ። መሬቱን በዱላዬ ብወጋው ነጥሮ ተመለሰ። ቦራ የምትግጠው አጥታ አፈር ትልሳለች።

ኮርማው ፊቱን ሲያዞር ወደ ጥጉ ጠጋ አልኩ። እዚያ ዱላዬ ሰመጠ። እበቱን ገለጥ ባደርገው ሥሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ለካ ጥንዚዛዎቹ እዚህ ተሰደው ኖሯል! እበቱን ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ውሃውም በነሱ ቀዳዳ ይገባል። ሳሩ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል።

ታዲያ ሌባዋ ማን ሆነች?

መጋቢት 19

የቦራን እበት ሳላነሳ ተውኩት። ስመለስ የለም። ወርቂቱ ናት ያነሳችው።

"ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ? አሞሻል እንዴ፣ ትተሽው የሄድሽው?"

ስለ ጥንዚዛዎቹም ስለ ጥጉ ሳርም ነገርኳት። "እሺ፣ እኔ ብተወው ጎረቤታችን የተሬፋ ሚስት ትተወዋለች?" አለች። እውነቷን ነው።

ሚያዝያ 6

ቦራ መነሳት አቃታት። ከሆዷ በቀር አጥንት ብቻ... አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። ወርቂቱ በር ላይ ቆማ አየችኝ። መቀነቷን አጥብቃ ሄደች።

ሚያዝያ 7

እግዚኦ...

ወርቂቱ ማጭድ ይዛ ኮርማው ጥግ ገባች። ለቦራ ሳር ልታጭድ። ኦቦ ዋቆ ገበያ ወጥቶ ነበር። ዳለቻው ዳሌዋን ሰበራት። በቃሬዛ አስፋልት አወጣናት፣ መኪና ለምነን ሆለታ ሐኪም ቤት ላክናት። ጩኸቷ ከጆሮዬ አልወጣም። ስለ ሳሩ ማን ነገራት? እኔ።

ያጨደችው ሳር ተበትኖ ቀርቷል። ለቅሜ ለቦራ ሰጠኋት። በላች።

ሚያዝያ 13

ኮርማውን ሽማግሌዎች ፈረዱበት። ለፋሲካ ታርዶ ቅርጫ ሆነ። ለእኔም ደረሰኝ፣ መቅመስ አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ሴቱ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ወደ ጥጉ ሲጎርፍ አየሁ። እበት ሊጠርጉ። ቦራን እየደገፍኩ፣ እየጎተትኩ ቀደምኳቸው። በኮርማው ችካል ላይ አሰርኳት። ዱላዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ግንቦት 25

ቦራ ወለደች! ጥጃዋ ቆማ ጠባች። ጥጉ ለምልሟል። ጥንዚዛዋም እበቷን ትገፋለች፣ ዝም ብዬ አያታለሁ። የቀረው ሜዳ ያው ድንጋይ ነው።

በሰፈሩ የሚያናግረኝ የለም። "ዳለቻዋ" ይሉኛል አሉ። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ።

ዛሬ ሃዊ መጣች፣ የወርቂቱ ልጅ። ቅርጫት ይዛለች። "እትዬ ዘርፈሽ፣ እናቴ እስካሁን አልተነሳችም። ኩበቱን የምጠፈጥፈው እኔ ነኝ። ትንሽ ብቻ ላንሳ..."

ለሷ ከፈቀድኩ ነገ ሁሉም ይመጣል። ዱላዬን አነሳሁባት። ልጅቷ አላለቀሰችም። አይታኝ፣ አይታኝ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ተመለሰች።

ሲመሽ የቦራን እንገር በቅል አድርጌ አፉን አሰርኩና ወርቂቱ ደጃፍ አስቀመጥኩ። ሳልገባ ተመለስኩ።

ግንቦት 26

ቅሉን ጠዋት ችካሉ ሥር ተመልሶ አገኘሁት። አፉ እንደታሰረ ነው።