በወደቡ ላይ የቆምክባቸው ስድስት ሰዓታት

የኔ ጌታ አስፋው፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። ቤቱ እንደተውከው ነው ብልህ እዋሻለሁ። የጣሪያው ላሜራ ተቀይሯል፣ አልጋውን ነፋስ ወደሚገባበት መስኮት አዙሬዋለሁ፣ ለተማሪዎችህም አዲስ አስተማሪ መጥቶላቸዋል። ባለሱቁ ሐጂ ሰይድ ግን አሁንም ከጁምዓ ሲመለስ በራችን ላይ ቆም ብሎ፣ ጊዜ የለም የሚለውን ፈረንጅ መጽሐፍህ ረታው ወይ እያለ ይጠይቀኛል።

የኔም ሥራ እሱ ሆኗል። አዲስ አበባ ያሉት የቀድሞ መምህርህ የመጽሐፍህን ረቂቅ በንጹሕ ገልብጬ እንድልክላቸው ስለጻፉልኝ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል እቀመጣለሁ። ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ ቆመህ ስለዚያ ፈላስፋ ስታወራ ግማሹን አልሰማህም ነበር፤ ይቅር በለኝ። አሁን ገባኝ። ሰውዬው በፊትና በኋላ የሚባለው በአእምሯችን እንጂ በእውነቱ ዓለም የለም፣ ሁሉም ባለበት አለ ይላል። አንተ ደግሞ ምዕራፍ በምዕራፍ ታፈርስበታለህ፤ ያለፈው በእርግጥ አልፏል ትላለህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ለእሱ አደላ። እሱ ልክ ከሆነ አንተ አልሄድክም። «አልፏል» የምትለውን ቃል ልዘላት ያሰብኩበት ቀን አለ።

ትናንት የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ምሳሌ አድርገህ የጻፍከው እኔን ነው። ከምጽዋ በመርከብ የመጣሁ ጊዜ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ ብዬ ቴሌግራም ልኬልህ ነበር፤ የመርከቡ ሰዎች የነገሩኝ በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አላወቅሁም። አንተ በእኛው ሦስት ሰዓት፣ በጠዋት ወረድክ። እኔ የደረስኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለካ ስድስት ሰዓት ሙሉ በዚያ ፀሐይ ቆመህ ኖሯል፤ ከመርከቡ ስወርድ ግን አሁን መድረሴ ነው አልከኝ። በማግስቱ አንገትህ ተልጦ ሳየው ስቄብሃለሁ። ያ ጥበቃ በአእምሮዬ ብቻ የነበረ ቢሆን አንገቴ አይላጥም ነበር ብለህ ጽፈሃል።

ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላነሳህብኝም። ወረቀቱን እስኪመሽ ደጋግሜ አነበብኩት። አለፈ የምትለው ቀን፣ እኔ ዘንድ የደረሰው ገና ትናንት ነው። ከሁለታችሁ ማን እንደረታ ለሐጂ ሰይድ ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም። እንዲህ መወደዴን ግን እስከ ትናንት አላውቅም ነበር።

ረቂቁን ቃል ሳልቀንስ እልከዋለሁ፣ «አልፏል» የምትለውንም ጭምር። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ወደቡ እወርዳለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንተ የቆምክበት ቦታ እቆማለሁ፤ በየዓመቱም እንዲሁ። የሚያውቀኝ ሰው አልፎ ከመቼ ጀምሮ እንደቆምኩ ቢጠይቀኝ፣ አሁን መድረሴ ነው እለዋለሁ።

ያንተው ዘነበች
አሰብ