ከቀረሮው ሥር የሳቅሁት

ቦንጋ፣ ነሐሴ

ውድ ጋሽ ፈለቀ፣

አርባዎ ካለፈ ሳምንት ሆነው። ሰው ሲያነሳዎ፣ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ ሲያቃኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሐኪም ይላል፤ ዛፉን ሁሉ በስሙ የሚያውቁ፣ የውሃ ቀለማቸውን በፌስታል ይዘው ማንኪራ ጫካ የሚገቡ። እውነት ነው። እኔ የምጽፍልዎ ግን በቁምዎ መንገር የነበረብኝን ነው።

ተማሪዎቼ ፊት አፌን በእጄ ሸፍኜ ሳስተምር አይተው፣ "ነይ፣ አንቺ የመጨረሻዬ ትሆኛለሽ" አሉኝ። የተጋደመውን ጥርሴን የሚያቃናው ሽቦ ሁለት ዓመት አፌ ውስጥ ቆየ። መቼ ነው የሚያልቀው እያልኩ ስነዘንዝዎ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉኝ ነበር። ሽቦው የወጣ ቀን፣ ጥርሴ ወደ ድሮው እንዳይመለስ ቀንም ሌሊትም የማጠልቀውን ማቆያ ሰጡኝ። ራስዎ በእጅዎ የሠሩት ነው። "አደራ" አሉኝ።

ጠፋብኝ፣ ጋሽዬ። ቢታ ገነት ሰርግ ሄጄ፣ ልበላ ስል አውልቄ በሶፍት ጠቀለልኩና ከሳህኔ አጠገብ አኖርኩት። ሳህን የሚያነሱት ሴቶች ከትርፍራፊው ጋር ጠርገው ወሰዱት። ጓሮ የተደፋውን በእንጨት እየበረበርኩ ፈለግሁ፤ ውሾቹ ቀድመውኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ወራት አለፉ። እንቁላሉም በእግሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ጥርሴ እንደ ድሮው ተጋደመ። ከእርስዎ ጋር ጫካ ስንሄድ ነጠላዬን አፌ ላይ እያደረግሁ፣ ብርድ ነው እል ነበር።

ጥቅምት ላይ ማንኪራ ከትልቁ የቀረሮ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲስሉ፣ ጉሬዛው ከላይ ፍሬ ጥሎ የቀለም ውሃዎን ጭንዎ ላይ ደፋው። እርስዎ ቀና ብለው ገላመጡት። እኔ ነጠላዬን ረስቼ ከልቤ ሳቅሁ። አፌን አዩት። ምንም ሳይሉ ወደ ወረቀትዎ አቀረቀሩ። ዝምታዎን እንደ ቅያሜ ቆጠርኩት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ደጅዎን አልረገጥኩም። መታመምዎን ሰምቼ እንኳ በስልክ ብቻ ጠየቅሁ። ለቀብርዎ መጥቼ አምርሬ ሳለቅስ፣ ሰዎች ልጃቸው ናት እንዴ ይሉ ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ትናንት ባለቤትዎ እትዬ የሺሃረግ አስጠሩኝና የእርስዎን ክፍል ከፈቱልኝ። ከወፎቹና ከቅጠሎቹ ሥዕል መካከል እኔ አለሁ፤ አፌን ከፍቼ፣ የተጋደመው ጥርሴ ሳይቃና፣ ስስቅ። ከጀርባው በእርሳስ "ትሁት፣ ማንኪራ። ከሳልኳቸው ሁሉ ይህን ወደድኩት" ብለው ጽፈዋል።

"ያን ቀን ገና ሲገባ፣ 'ማቆያው ጠፍቶባታል፤ ልትነግረኝ ፈርታ ነው' አለኝ" አሉ እትዬ። "ልጥራት ስለው፣ 'ተያት፣ ትሸማቀቃለች፤ በራሷ ትምጣ' አለ።"

ከዚያ ትንሽ ሣጥን ሰጡኝ። ሌላ ማቆያ ነበር። በሽታው ሳይጥልዎ በፊት፣ ያስቀሩትን የጥርሴን የጄሶ ቅርጽ አውጥተው እንደገና ሠርተውታል። ስምንት ወር ጠብቆኛል።

እዚያው ቆሜ ሞከርኩት። አልገባም። እርስዎ ቢኖሩ በፒንሳዎ ጎንበስ ቀና አድርገው፣ እየነዘነዝኩዎ ያስገቡት ነበር። ልመጣ ይገባኝ ነበር፣ ጋሽዬ። ቢቆጡኝ እንኳ አጠገብዎ ሆኜ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ትምህርት ሲከፈት ሥዕሎችዎ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ይሰቀላሉ። እትዬ፣ "ያንቺን ካልፈለግሽ እናስቀረው" ብለውኝ ነበር። በሩ ፊት ለፊት ስቀሉት አልኳቸው። ተማሪዎቼ ሲገቡ ከሥሩ ቆሜ ስለ እርስዎ እነግራቸዋለሁ፤ እጄን አፌ ላይ ሳላደርግ።

የመጨረሻዋ ታካሚዎ፣
ትሁት