ከግድግዳው የወደቀችው ወረቀት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ጓደኛዬ፣ ይህን ፖስትካርድ ወንድምሽ ጮክ ብሎ እንደሚያነብልሽ ሳስብ ትንሽ አፈርኩ፤ ቢሆንም ልጻፍ። ዛሬ አክስቴ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። የሐኪም ቀጠሮ የሚያዝበትን የስልክ መተግበሪያ ይሠራሉ። በየሁለት ሳምንቱ የሚሠሩትን በትንንሽ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ጠዋት ጠዋት ዙሪያውን ቆመው ይነጋገራሉ። አንዷ ወረቀት እግሬ ሥር ወደቀች። «ለዓይነ ስውራን እንዲያመች ማድረግ» ትላለች።

«እሷን ወደሚቀጥለው ዙር አሳልፊያት፣ የኔ ልጅ» አለኝ አለቃቸው።

«ለስንተኛ ጊዜ?» አለች አክስቴ።

«ለዘጠነኛ። ሙጫውም ታከተው።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ስልኬ መተግበሪያውን በድምፅ እንዲያነብልኝ ሳደርግ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ብቻ ይላል፤ የሚጫኑት የምን ቁልፍ እንደሆነ አይናገርም። አንቺ ብትሆኚ ለጥርስሽ ብለሽ አዋላጅ ዘንድ ቀጠሮ ትይዢ ነበር። እናትሽ ወንበር እንኳ ከቦታው ከማንሳቷ በፊት ትነግርሻለች፤ እነዚህ ግን የቁልፉን ስም አይነግሩሽም።

ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ናት። ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ፤ አንባቢያችን ወንድምሽም ሰላም ይሁን፣ ብቻ እኔን ለመምሰል ድምፁን እንዳያቀጥን። ነገ ጠዋት ሲቆሙ ወረቀቷን ከሁሉም በላይ እለጥፋታለሁ። ለምን ካሉኝ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት እላቸዋለሁ። ድምፄ እሺ ካለኝ።