በወንድማችን ስልክ ያቀረብኩት ንግግር

ውድ እታለም፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን፤ እማዬም ሥራ ጀምራለች።

ዓይነ ስውሩ ወንድማችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለ አካል ጉዳተኞችና ቴክኖሎጂ በሚመክረው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሊያደርገው የነበረውን ንግግር እኔ አቀረብኩለት። መድረኩ መብራት ስላነሰው ወረቀቱን ትቼ፣ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው የእሱ ስልክ በጆሮ ማዳመጫ ሲያነብልኝ እየተከተልኩ ተናገርኩ።

ስወርድ እሱን ያስተማሩት ዓይነ ስውር መምህርት ሳቁብኝ። "የኔ ልጅ፣ የስልኩን የንባብ ፍጥነት ቀንሰው እንጂ! ስንጀምር ሁላችንም ተንተባትበናል።"

ፊቴ በእፍረት ጋለ። "ኧረ እትዬ፣ እኔ አያለሁ!"

"ወንድምህም መጀመሪያ እንዲሁ ይለኝ ነበር።"

ለእማዬ አትንገሪያት፤ ሐዘኗ ይበቃታል። ክፍል ውስጥም ወደ ፊት ወንበር ተዛውሬያለሁ፤ ወሬኞቹን ሸሽቼ ነው። መልስሽን በድምፅ ላኪልኝ፤ መጻፉ እንዳይሰለችሽ ብዬ ነው።

እስክንገናኝ ሰላምሽ ይብዛ።

ታናሽ ወንድምሽ