በቀን የምትነክሰው ቢምቢ

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማማስ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን አሁንም ያማታል ወይስ ያ ቅባት ረዳት? ጋሼን ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴም ዛሬ ደህና ናት። «ዛሬ» ማለቴን አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ ያለፈ ነገር ስለሆነ ረጋ ብዬ ላጫውትሽ ነው።

ባለፈው በስልክ ድምፅህ ልክ አይደለም ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ባለቤቴ ሆዷ ገፍቶ ሳለ ትኩሳት ጣላት። መገጣጠሚያዋን ሁሉ እየቆረጠማት፣ ከዓይኗ ጀርባ ሳይቀር እያመማት ከአልጋ መነሣት አቃታት። ክሊኒክ ስወስዳት በልቤ ወባ ነው ብዬ ጨርሼ ነበር። ደሟን መርምረው ወባ አይደለም፣ ደንጊ የሚባል ትኩሳት ነው፣ እሱም በቢምቢ ይመጣል አሉኝ። ለእሷም ለፅንሱም ስለሰጉ እዚያው አስተኟት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይቺን ቢምቢ ማን ነው ያረባብኝ?

ግቢያችንን አታውቂውምና ልንገርሽ። መንገድ ዳር የእኔ ፀጉር ቤት አለ፤ የምንኖረው ከጀርባው ነው። ከጎኔ ጭማቂ ቤት፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ አለ። ፎቁ ላይ አከራያችን ይኖራሉ። የግቢው ቁልፍ ሁሉ ወገባቸው ላይ ስለሚንጫጫ ባለቁልፉ እንላቸዋለን። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሰው ወደ ላይ አያስወጡም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎሚስታውን ነው። አሮጌ ጎማ ውሃ ይይዛል፣ የተኛ ውሃ ቢምቢ ያረባል። የደንበኛ ፀጉር እየቆረጥኩ እንኳ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር፤ ሰላም ሲለኝ በግማሽ አፌ እመልስለታለሁ። ባለቁልፉ ደግሞ ነገሩን አቀጣጠሉት። የቢምቢው ምንጭ እሱ ነው፣ ይልቀቅልኝ እያሉ ላገኙት ሁሉ ነገሩ። ይሄን ጊዜ የጭማቂ ቤቷ ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ ቦታውን ለዘመዳቸው ሊሰጡት ነው እንጂ ቢምቢው ሰበብ ነው አለችኝ። እሳቸውንም ጠረጠርኳቸው። ቆይቼ እሷንም ጠረጠርኩ፤ ከደጇ የማይጠፋ የውሃ በርሜል ነበራታ። ባለቤቴ ተሽሏት ቤት ስትገባ ይሄን ሁሉ ሰምታ፣ «በል እኔንም ጠርጥረኝና ይውጣልህ» አለችኝ።

ክሊኒኩ ነግሯት ይሆናል፣ አንዲት የጤና ባለሙያ ጭልፋና ባትሪ ይዛ መጣች። መቼ መቼ ነው የሚነክሷችሁ ስትለኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደንበኛዬ ወንበር ላይ ሳለ ቁርጭምጭሚቱን ነው አልኳት። አንዷን ግድግዳ ላይ ጨፍልቄያት ነበርና ጠጋ ብላ አየቻት፤ እግሯ ላይ ያለውን ነጭ ቀለበት ቀለበትም አሳየችኝ። ይቺ የቀን ናት፣ ሩቅ አትበርም፣ የምትወደውም ቤት አጠገብ በዕቃ የተጠራቀመ ውሃ ነው፣ ስለዚህ ምንጩ እዚሁ ነው አለች። የግቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማ ነበርና ጎሪጥ ተያየን።

ወደ ጎማዎቹ ስትሄድ ከኋላዋ ተከተልኩ፤ እጅ ከፍንጅ እንዲያዝ ፈልጌ ነው። ጎሚስታው ግን ጎማዎቹን ከቆርቆሮ ሥር ደርድሮ ሸራ አልብሷቸዋል። እጇን እየሰደደች ብትዳብስ ሁሉም ደረቅ። የተበሳ ጎማ የሚፈትሽበትን ገንዳ ውሃም ሥራ ሲጨርስ ይደፋዋል። የጭማቂ ቤቱ በርሜል ክዳኑ ግጥም ያለ ነው። የእኔን ባልዲ ሳይቀር ገልብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ጣሪያው ላይስ አለች። ባለቁልፉ፣ «ጣሪያው ላይ ምንም የለም፤ ቁልፉም ጠፍቷል» አሉ።

ነገር ሸተተኝ። ያን ሁሉ ቁልፍ ታጥቆ የሚዞር ሰው የራሱ ጣሪያ ቁልፍ ይጠፋዋል? ባለሙያዋ ግን አልተከራከረቻቸውም፤ «አባባ፣ ታች ያለችው ነፍሰ ጡር ናት» ብቻ አለቻቸው። ከወገባቸው አንዱን ቁልፍ ሳይፈልጉ ለይተው ቀድመውን ወጡ።

እታለም፣ ጣሪያው ሙሉ አበባ ነበር። ሚስታቸው የተከሏቸው ናቸው። ከእያንዳንዱ መትከያ ሥር ሳህን አለ፣ ሳህኑ ውሃ ሞልቷል። ባለሙያዋ ከአንዱ በጭልፋ ቀድታ ባትሪ ስታበራበት ቀጫጭን እጮች ራሳቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው ይርመሰመሳሉ። ባለቁልፉ ጎንበስ ብለው አይተው፣ «እኔ እንዳይደርቁ ብዬ ነው የማጠጣቸው» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አልመስል አለኝ። ሲሰርቁ የያዝኳቸው ያህል ተሰማኝና ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ሳህኖቹን ሰው እንዲነካባቸው ስላልፈለጉ ራሳቸው አንድ በአንድ ደፏቸው። ባለሙያዋ፣ መድኃኒት መርጨት የበረረውን እንጂ ውሃ ውስጥ ያለውን አይነካም፣ እንቁላሉም ደረቅ ሳህን ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ በደንብ ይፈግፈግ፣ ከዚያ አሸዋ ይሙላበት፣ እዚያው ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ታንከርም በወንፊት ይሸፈን አለች። አሸዋውን ማን ተሸክሞ ቢያወጣው ጥሩ ነው፤ ጎሚስታው፣ ማንም ሳይጠይቀው። ባለቁልፉ ይቅርታ አላሉትም፤ ልቀቅ ማለታቸውን ግን ከዚያ ወዲህ አላነሡትም።

ቢምቢዋ አሁን ብርቅ ሆናለች። ባለቤቴም ልጁ ሲራገጥ እጄን ወስዳ ሆዷን ታስነካኛለች። እኔን ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ጎሚስታው ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ነበር የሚላጨው፤ ነገሩ ከተነሣ ወዲህ ቀርቶ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ወንበሩን አራግፌ አስቀመጥኩት፣ ጨርቁን አሰርኩለት፣ ፀጉሩን እየቆረጥኩ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ሳቅንም። ምላጩን ሳነሣ ግን በመስተዋቱ ውስጥ እጄን እጄን እያየ፣ «ፀጉሬ ይበቃል፣ ጢሜን ተወው» አለኝ። ጨርቁን ፈታሁለት።

እማማን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን ይበርታ፤ ትንሿን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ባለቤቴ ሁላችሁንም በስም እየጠራች ሰላም ብላለች።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ
ከፀጉር ቤቱ ጓዳ፣ ሐምሌ 11 ቀን